በሳሎን ቋንቋ ማማጥ

የከተማችንን ስም አልናገርም። ብናገር ከእናንተ አንዱ ለማጣራት መሄዱ አይቀርም፤ ሄዶ ቢጠይቅ ደግሞ ማንም «አዎ፣ እዚህ ነው የሆነው» አይለውም። ወንዝ የሞላባት፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልባት፣ ወንዱ ጥምጥሙን ሲያስተካክል ጠዋቱን የሚያጋምስባት ከተማ ናት ልበላችሁና ይብቃ። እኔ የገመድ አልጋ የምሠራ ሴት ነኝ። ሰርዳራን የምትባል ሴት ጎረቤቴ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። የምነግራችሁን ከፊሉን አይቼ ነው፣ ያላየሁትን ደግሞ ከራሷ ከሰርዳራን አፍ ሰምቼ።

በከተማችን ሦስት ቋንቋ ይነገራል። አንደኛው የፎቅ ቋንቋ ነው፤ ፍርድ ቤትና ትልልቁ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚነገረው እሱ ነው፣ አብዛኞቻችን እንፈራዋለን እንጂ አይገባንም። ሁለተኛው የሳሎን ቋንቋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ሲላክ፣ ልጅ ሲያድግ የሚነገረው። በሳሎን ቋንቋ «አንተ» እና «አንቺ» የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ነው፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ። ሦስተኛው አፋችንን የፈታንበት ሲሆን በመንግሥት መዝገብ «የጓሮ ቋንቋ» ይባላል። ሕዝብ ሲቆጠር «ስንት ቋንቋ ይችላሉ?» ተብለን ስንጠየቅ ሁላችንም «ሁለት» እንላለን። ጥያቄው ያልገባው ሰው ካጋጠመው ቆጣሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጓሮ ቋንቋ ያስረዳዋል፤ ከዚያ «ሁለት» ብሎ ይጽፍለታል።

በጓሮ ቋንቋ ከሰው ጋር ማውራት ነውር ነው፤ ከበሬ ጋር ግን ይፈቀዳል። ምን ይደረግ፣ በሬ ሌላ አይሰማም! ሳሎኑን ሊያስተምሯቸው ሁለት ዓመት ተለፍቶ ነበር፤ በሬዎቹ ማሳው መሀል ቆመው ቀሩ፣ የዚያን ዘመን ስንዴም ሳይዘራ ቀረ። እናም ሁለት ወዳጆች የልባቸውን ማውራት ሲያምራቸው በሬ መሀል ያቆማሉ። «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች እኮ» ይላል አንዱ ለበሬው። «አትለኝም! መቼ?» ይላል ሌላው፣ እሱም ለበሬው። አንዲት ክንድ መሬት የሌለው ሰው ሁሉ በሬ የሚያረባው ለዚህ ነው። እኔም አንድ ሽማግሌ በሬ አለኝ።

ልጆቹ አንዲት የጓሮ ቃል ሰምተው የማያውቁ ቤት በሩ ላይ «ንጹሕ ቤት» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ይሰቀልለታል። ይህን የሚቆጣጠሩት አድማጮች ናቸው። አድማጭ ሆኖ የሚቀጠር ሰው የጓሮ ቋንቋ ጨርሶ እንደማያውቅ እጁን አንሥቶ ይምላል። ታዲያ የማያውቀውን ቋንቋ በምን ይለየዋል አትበሉኝ፤ እኛም ጠይቀን «ያልገባውን ሁሉ ይጽፋል» ተብለናል። በዚሁ ምክንያት ጥርሱ አብጦ የሚንተባተብ አንድ ምስኪን አዛውንት ሰሌዳው ተነቅሎበታል።

አድማጮቹ ሞኝ አይደሉም። ሰው ሲስቅ ራሱን ይጠብቃል፣ ሲታመም ግን ያመልጠዋል፤ ይህን ያውቃሉ። በወሬ መሀል የፈላ ሻይ እጃችሁ ላይ «ውይ፣ ይቅርታ!» ብለው ያፈሳሉ፣ ከዚያ ጆሯቸውን ያቀናሉ። የማቃሰት አስተማሪ የሚባል ሙያ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። በከተማችን የዚህ ሙያ ቁንጮ ደግሞ ሰርዳራን ነበረች።

ሰርዳራን ረዥም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ስትቆጣ አፍንጫዋ የሚቀላ ሴት ናት። ተማሪዎቿን ግድግዳ ጥግ አሰልፋ አውራ ጣታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ ታደርጋለች። የአድማጮቹ መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ሥቃይን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ለትንሹ «ይቅርታ፣ ጥቂት ተሰማኝ» ይባላል። ለመካከለኛው «እንዴት ያለ ሕመም ነው» ይባላል፣ አንገት ሰበር ተደርጎ። ለከባዱ «ምንኛ ይከብዳል» ይባልና አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠር ያለ ትንፋሽ ይፈቀዳል። «ማን ነው ያጓራው? አንተ ነህ? ከነአካቴው ከበሬ ጋር ነው የማሳድርህ!» ትላለች፤ ይህንንም የምትለው በሳሎን ስለሆነ «እርስዎን ከበሬ ጋር ባሳድርዎስ» ነው የሚሆነው።

ኩራቷ ልጇ ሸጉፍታ ነበረች። «ልጄ እኮ አንዲት የጓሮ ቃል አታውቅም!» ትል ነበር፣ ሌላው ሰው ልጄ እንዲህ ያለ ትምህርት ጨረሰች እንደሚለው። እውነቷን ነው። ሸጉፍታ ከተወለደች ጀምሮ ሰርዳራን «እርስዎ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ስትንፈራፈር እናትየዋ አልጋው አጠገብ ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ የጓሮ ቃል ያመልጠኛል ብላ ነዋ። ጓሮ ወጥታ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ስታለቅስ ከወዲህ ማዶ ሰምቻታለሁ። ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ ገብታ «እንዴት ነዎት ልጄ?» ትላታለች።

ሸጉፍታ አደገች፣ አማረች፣ ጀምሺድ የሚባል የፎቅ ጸሐፊ አገባች፣ አረገዘች። ጭንቀቱም የተጀመረው ያኔ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ከንጹሕ ቤት እናት የሚወለድ ሕፃን ከምጡ መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው ልቅሶ ድረስ አንዲት የጓሮ ቃል በአካባቢው ካልተሰማ፣ «ንጹሕ ልደት» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ወረቀት ያለው ልጅ ኮረብታው ላይ ያለውን ትምህርት ቤት ያለ ፈተና ይገባል፣ ዕድሜውን ሙሉ አድማጭ አይላክበትም፣ ሻይም አይፈስበትም። አንድ ቃል ከተሰማ ግን ወረቀቱ ይቀራል፤ የእናቲቱም የአያቲቱም ሰሌዳ ይነቀላል።

ሰርዳራን መመሪያዋን ገልጣ ምጥ የሚል አጣች። መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ጠየቀች። ጸሐፊው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ በጣቱ ወርዶ «እመቤት፣ ምጥ የለንም። ከሆድ ቁርጠት ጋር ያዳብሉት» አላት።

ያን ቀን በቀጥታ እኔ ግቢ መጥታ በሬዬ አጠገብ ቆመች። ሽማግሌው ገለባውን ያመነዥካል።

«ፈራሁ» አለችው።

«ምኑን?» አልኩት እኔም።

«እሷን አይደለም። እሷ ጎበዝ ናት፣ ስትተኛ እንኳ በሳሎን ነው የምታንኮራፋው። አፌን ነው የፈራሁት። ሰሞኑን በእንቅልፌ አወራለሁ መሰለኝ። ስነቃ ምላሴ ደክሞት አገኘዋለሁ።»

«ያን ቀን አትግቢያ! ከውጭ ሁኚ።»

«እናቷ እኮ ነኝ!» ብላ በሬው ላይ ጮኸችበት። ምስኪኑ በሬ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። እሷም አፈረችና ግንባሩን አከከችለት፣ ከዚያ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሄደች።

ሌላ ጣጣ ደግሞ ነበር። ሰሌዳ ያላቸው አዋላጆች ሁሉ በፎቅ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይዘዋል እንጂ የማዋለድ እጅ የላቸውም። እጅ ያላት ጂንዶ ብቻ ነበረች፣ የከተማውን ግማሽ ያዋለደች አጭር፣ ምላሰ ስለታም ባልቴት። ጂንዶ ከጓሮ ቋንቋ በቀር ምንም አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። «የኔን አፍ የጠላ በመጣበት ይመለስ» ነው የምትለው። ተለምና ተለምና እሺ አለች። መሥሪያ ቤቱም አፏ በነጭ ጨርቅ ታስሮ እንድትሠራ ፈቀደ፤ ፈቃዱ ማኅተም አለው።

ምጡ የመጣው አንድ ማለዳ ነው። እኔን የጠሩኝ ወገቧን እንድደግፍ ነበር፤ ገመድ ስስብ የኖርኩ ስለሆንኩ ክንዴ ጠንካራ ነው። ጂንዶ አፏ ታስሮ፣ ዓይኗ ብቻ እየተቁለጨለጨ ገባች። የተላከው አድማጭ ኢምዳድ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ከማንም ጋር የማይቀራረብ ሰው። መጋረጃ ተጋርዶለት ከመጋረጃው ጀርባ ወንበርና ደብተር ተሰጠው። ጀምሺድ ደጅ ቆሞ ኮቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደ መመሪያው ሄደ። «ይቅርታ፣ ጥቂት ተሰማኝ» ትላለች ሸጉፍታ። «እንዴት ያለ ሕመም ነው» ትላለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ሰርዳራን በኩራት ወደ መጋረጃው ታያለች። እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለው ገላ እንደ ብረት ሲገተር ይሰማኛል። ልጅቷ ምጡ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን የምታባክነው ቃል በመምረጥ ነበር።

ፀሐይ ወጥታ አናት ላይ ደረሰች። ልጁ ግን ወይ ፍንክች። ጂንዶ በእጇ ምልክት ታሳያለች፣ ሆዷን እየጠቆመች፣ አየር እየገፋች፣ መሬቱን በእግሯ እየደበደበች። ሰርዳራን ትተረጉማለች፤ «ልጄ፣ እባክዎ ወደ ታች ጫና ያድርጉ።»

«ምን ያህል ጫና?» ትላለች ሸጉፍታ፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ።

«በቂ ጫና፣ እባክዎ።»

ጂንዶ ራሷን ይዛ ትዞራለች። አንዴ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝና በአውራ ጣቷ አንገቷ ላይ መስመር ሠራች። ትሞታለች ማለቷ ነበር፤ ሰርዳራንም አይታዋለች። አልጋውን ጨብጣ ያዘች።

«ሰርዳራን» አልኳት በሳሎን፣ «ይናገሩ እንጂ።»

እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯን ከመንከሷ የተነሣ ደም ወጥቶታል። ወረቀቱን እያየች ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ስም መጻፊያው ብቻ ባዶ ሆኖ ተዘጋጅቷል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የዘጋችውን አፍ፣ ልጇ፣ አሁን ደግሞ ያልተወለደው ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳይሳቀቁ ብላ የዘጋችውን አፍ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት እንዴት ትክፈተው? አልፈርድባትም። እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ ሸጉፍታ ማቃሰቷን ተወች። ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ እናቷ ዞረችና ጥርት ባለ፣ አንድ እንከን በሌለው ሳሎን እንዲህ አለች፤

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ። መሞቴ ይመስለኛል።»

ሰርዳራን ፈነዳች።

«እኔን! እኔን ልጄ! እኔን ይድፋኝ!» ብላ አልጋው ላይ ወጣች። «የት አባሽ ነው የምትሞቺው! አይዞሽ የኔ ዓለም፣ አለሁልሽ፣ የት ሄጄ! ጩኺ! ምን ትሽኮረመሚያለሽ፣ ጩኺና ቤቱን ቀውጪው! ግፊ! ግፊ እናቴ! ይሄ ቆርቆሮ ይበጣጠስ፣ ወረቀቱም ገደል ይግባ፣ አንቺ ብቻ ትረፊልኝ!»

ጂንዶ ይህን ስትሰማ የአፏን ጨርቅ መንጭቃ መጋረጃው ላይ ወረወረችው። «እሰይ! ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትጠብቂ ነበር አንቺ ደንቆሮ! አሁን ምጡ ሲነሣባት ትንፋሿን ትያዝ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ታድርግ፣ ከዚያ ትግፋ! ንገሪያት!»

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በቃ፣ አሁን ተረፈች ብዬ ነበር። ግን የሸጉፍታ ፊት አላማረኝም። እናቷን የምታያት አይታት የማታውቅ ሰው በድንገት ቤቷ ገብታ እንደምትጮህባት አድርጋ ነበር።

«እናቴ፣ ምን እያሉ ነው?» አለች። «አልገባኝም። ምን እያሉ ነው?»

ሰርዳራን ሳሎኑ ጠፋባት። ስንቱን ያስተማረች ሴት አንዲት ቃል እንኳ አልመጣላትም፤ ያው «እኔን፣ እኔን» ትላለች ብቻ፣ እንባዋ እየወረደ። ልጅቷም «ምን እያሉ ነው?» ትላለች። እኔ የማውቃት ሳሎን የአልጋ ስፋትና ርዝመት ከመናገር አታልፍም። ጂንዶማ ጭራሽ። ምጡ ደግሞ ሊመጣ ሲል ወገቧ ክንዴ ላይ ከበደኝ።

«ሕመምዎን ለእኔ ይስጡኝ እያሉ ነው።»

ድምፁ ከመጋረጃው ጀርባ ነው የመጣው። ሁላችንም ዞርን።

«እርስዎ የእኔ ዓለም ነዎት እያሉ ነው» አለ ኢምዳድ። «በእርስዎ ፈንታ እኔ ልሞት እያሉ ነው። በትክክል አይመጣም፣ በሳሎን አይመጣም… አዋላጇ ደግሞ አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ፣ ሲመጣ ይግፉ ይላሉ። ይጩኹ። መጮህ ይችላሉ።»

እንዲህ ተወለደች። ጂንዶ ትሳደባለች፣ ኢምዳድ መጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይተረጉማል፣ ስድቡንም ሳያስቀር «እርስዎ ሰነፍ» እያለ፣ ሸጉፍታ ትገፋለች። ሦስተኛው ምጥ ላይ ሸጉፍታ ጮኸች። መመሪያው ውስጥ የሌለ፣ የሳሎንም የፎቅም ያልሆነ፣ ደጅ ያለውን ጀምሺድን ከኮቱ ጋር መሬት ላይ ያስቀመጠ ጩኸት። ሕፃኗ ሴት ነበረች። በዚህች ዓለም የሰማችው የመጀመሪያ ንግግር የጂንዶ «ነይ ውጪ አንቺ ሞገደኛ፣ ስንቱን አስጨነቅሽ!» የሚለው ነው።

ኢምዳድ በዚያው ቀን ሪፖርቱን አስገባ። «ያልታወቀ ድምፅ ተሰማ» ብሎ በአንድ መስመር መገላገል ይችል ነበር፤ ሌሎቹ የሚያደርጉት ያንን ነው። እሱ ግን የተባለውን ሁሉ ከነትርጉሙ በሁለት ገጽ ጻፈ። አለቃው «ይህን በምን አወቅህ?» ቢለው «እናት ነበረችኝ» አለ አሉ። አባረሩት። አሁን እኔ ጋ ገመድ ይገምዳል፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ጫማውን ግን ዛሬም ይወለውላል።

ሰሌዳዎቹ በማግስቱ ተነቀሉ። የሰርዳራን ተማሪዎች አንድ ባንድ ቀሩ። እሷ ይህን ሁሉ ከቁጥር አላገባችውም። ያስጨነቃት የሸጉፍታ ዝምታ ነበር። ልጅቷ ተኝታ ታጠባለች፣ የሚሰጧትን ትበላለች፣ እናቷ ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «በወረቀቱ ነው» ትለኛለች ሰርዳራን እጇን እያፍተለተለች። «የልጇን ዕድል አበላሸሁባት። እውነቷን ነው። ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት?» በሳሎን ሦስት ዓይነት ይቅርታ አዘጋጅታ ጠዋት ማታ ትለማመዳለች።

በሰባተኛው ቀን ሸጉፍታ አስጠራቻት። እኔ የላላውን አልጋዋን ልወጥር እዚያው ነበርኩ፤ ልውጣ ስል «ይቀመጡ» አለችኝ።

ሰርዳራን በሩ ላይ እንደ ቆመች አንደኛውን ይቅርታ ጀመረች። «በንጹሕ ልደት ወረቀቱ ጉዳይ የተሰማኝን ጥልቅ…»

«ወረቀቱን ተዉት» አለች ሸጉፍታ። «ያ ነገር የት ነበር?»

«የቱ ልጄ?»

«ሰውዬው የተረጎሙልኝ። ኩፍኝ ይዞኝ እርስዎ ወጥተው የሄዱ ጊዜ የት ነበር? ስዳር ግንባሬን ስመው "መልካም ይሁንልዎ" ሲሉኝ የት ነበር? ሃያ ሦስት ዓመት የት ደብቀውት ነበር?»

ሰርዳራን የተዘጋጀችባቸው ሦስቱም ይቅርታዎች ለዚህ የሚሆኑ አልነበሩም። «ጓሮ» አለች። «ለግድግዳው እነግረው ነበር።»

«ለግድግዳው!» አለች ሸጉፍታ። «ግድግዳው ምን አደረገልዎ? እኔ እኮ እናቴ አይወዱኝም፣ ያከብሩኛል እንጂ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከገዛ እናቴ ጋር የተዋወቅሁት በአስተርጓሚ ነው። ያውም በማላውቀው ሰው፣ ያውም ከመጋረጃ ጀርባ!»

በዚህ መሀል ሕፃኗ ተነሥታ ማልቀስ ጀመረች። ሸጉፍታ አቅፋ እያወዛወዘች «እባክዎ ዝም ይበሉ» አለቻት። የሰባት ቀን ሕፃን ነው «እባክዎ» ያለቻት። ከዚያ የራሷን ቃል ሰማችውና ቀጥ አለች። ሰርዳራንን አየቻት። ሕፃኗን አንሥታ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠችባት።

«ይንገሯት» አለች።

ሰርዳራን ቀስ ብላ በጓሮ ቋንቋ ጀመረች። እኔን አለቻት፣ የኔ ዓለም አለቻት፣ ማን አስለቀሰብኝ አለቻት፣ የራሷ አያት ትላት የነበረውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ እያወጣች። ሕፃኗ ዝም አላለችም፤ እንዲያውም ባሰባት። ሸጉፍታ ግን ወደ እናቷ ተጠግታ፣ ዓይኗን ከአፏ ላይ ሳትነቅል፣ የራሷን ከንፈር እያንቀሳቀሰች ነበር። ድምፅ ገና አላወጣችም።